የሽመክት አምፖልና የጋሽ ደርበው ጣቶች

ኑ ጠጋ በሉ፣ ጨዋታ ላምጣ። «አምጣ!» በሉኛ! ካላላችሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ዛሬ አንድ ጎማ አልነፋም። እህ፣ እንዲህ ነው እንጂ።

አንተ ባለ ቀዩ ሚኒባስ፣ ያንን ካርቶን እስቲ ወዲህ በለው። «ልዩ የመኪና አምፖል፣ መቶ ሃምሳ በመቶ ተጨማሪ ብርሃን» ይላል። ከምኑ ላይ ነው የሚጨምረው? እሱን አይልም። ያዋጣል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ በዚህ መናኸሪያ በር ላይ ሃያ አንድ ዓመት ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ አምፖል የማውቀው አንድ ታሪክ ብቻ ነው። እሱንም ሳወራው ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም እኔም አለሁበት። ጎማህ ላይ የለጠፍኩት እስኪደርቅ ድረስ ስማኝ።

እማማ የሻረግ የሚባሉ እናት ነበሩ። ቤታቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ምኞታቸው አንዲት ነበረች፤ ትንሽም ነበረች። የልጃቸውን ፊት ማየት።

ልጃቸው ሽመክት ይባላል። ገና ጺም ሳያወጣ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ መኪና ልንዳ ብሎ ወደ ቆላ ወረደ። ወረደና አሥራ ሰባት ዓመት ቀረ። አባቱ አጥናፉ ሲሞት መርዶው ዘግይቶ ደረሰው፤ ለቀብሩ አልደረሰም። በመጨረሻ አንድ ነጭ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ ሲመጣ፣ የእናቱን ዓይን ሞራ ጋርዶት ጠበቀው። እናቲቱ ድምፁን ሰሙ፣ ትከሻውን ዳሰሱ፣ ጺሙን ዳሰሱ። የሚያውቁት ፊት ግን ጺም የለውም። በየማለዳው «ልጄ ነህ አይደል?» ብለው ይጠይቁታል። እስቲ አስቡት! በገዛ እናትህ ቤት በየማለዳው ማን ነህ መባል!

ሽመክት ምን አደረገ? ቤቱ ውስጥ የነበረውን አምፖል አውልቆ ትልቅ አምፖል ሰቀለ። አላዩም። ከዚያ የበለጠ ሰቀለ። አላዩም። ጎረቤቱ ሁሉ ሠርግ ያለ እስኪመስለው ድረስ ቤቱ በራ። «ልጄ፣ መብራቱ አይደለም፤ የተጋረድኩት እኔ ነኝ» አሉት። እሱ ግን ሹፌር ነው፤ ሹፌር ደግሞ ሰው ሲነግረው አይሰማም። አትሳቁ፣ እናንተንም ነው።

ታዲያ በሐምሌ አንድ ወሬ መጣ። የዓይን ሐኪሞች ከጉም አፋፍ ተራራ በላይ ባለው ከተማ ለአንድ ሳምንት ብቻ ሞራ ሊገፉ መጥተዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ፋሻ ፈትተው ይሄዳሉ። የሚመለሱት ለከርሞ ነው። እማማ ደግሞ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከርሞ የማን ነው?

ተራራውን ታውቁታላችሁ። በክረምት ቀን በቀን ጉም ይተኛበታል፤ በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ ገደል። የስምሪት ሹማችን ጋሽ ደርበው ናቸው፤ የእሳቸው ፊርማ የሌለበት መኪና ከኬላው አያልፍም። ከዚያ ክረምት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሹፌር መብራቱ ደከም ብሎበት ለምኗቸው «እሺ ይሁን» ብለው ፈረሙለት። መኪናው ገደል ገባ። ዘጠኝ ሰው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደርበው ያለ ፈተና አይፈርሙም። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ጉሙ መናኸሪያው ድረስ ሲወርድ ከግቢው ጫፍ ካለው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሥር ሄደው ይቆማሉ፤ እጃቸውን ያነሣሉ። ሹፌሩ ከመሪው ላይ ሳይወርድ መብራቱን አብርቶ ስንት ጣት እንዳነሡ መናገር አለበት።

ሰኞ ማለዳ ሽመክት እናቱን ጋቢና አስቀምጦ መጣ።

«መብራት!» አሉ ጋሽ ደርበው ከጉሙ ውስጥ። አበራ።

«ስንት ጣት ነው?»

ሽመክት ዓይኑን አጨንቁሮ አየ፣ አየ። «ሁለት!» አለ።

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ልጄ» አሉ። በሐዘን ነው ያሉት እንጂ በፌዝ አይደለም። «አልፈርምም።»

«ጋሽ ደርበው፣ አፈር ስሆን! እናቴ እኮ ናት።»

«እናትህ ስለሆነች ነው የማልፈርመው።»

እንግዲህ ያዙልኝ። እማማ ልጃቸውን አያዩም፣ ሐኪሙ ሳይነካቸው። ሐኪሙ አይነካቸውም፣ መኪናው ሳይወጣ። መኪናው አይወጣም፣ ጋሽ ደርበው ሳይፈርሙ። ጋሽ ደርበው አይፈርሙም፣ ግድግዳው ሳይበራ። ገና አራት ነው፤ ከአሁኑ አታዛጉ።

በሌላ መኪና አይልካቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛም ብለናል። የዚያን ዕለት ሁለት ሚኒባሶች ፈተናውን አልፈው ወጥተዋል፤ ቦታም ነበራቸው። እማማ ግን ከጋቢና ንቅንቅ አሉ እንዴ! «አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቄው፣ መኪና ይዞ መጥቶልኝ፣ በሰው መኪና ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል? ልጇ አልወስድሽም አላት ይለኛል እንጂ!» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። በቃ። እኛ ሰዎች መቼም በሰው አፍ ከመግባት ገደል መግባት ይቀለናል።

ሽመክት መለዋወጫ ሻጩ ፍስሐ ዘንድ ሄደ። ፍስሐ አሮጌዎቹን አምፖሎች ፀሐይ ላይ አዟዙሮ አየና «ይሄ የሻማ ታናሽ ወንድም ነው» አለ። ከዚያ ከመስታወት ሣጥኑ ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ካርቶን አወጣ። ልክ እንደዚህ እንዳንተው። «ይሄ ግን ልዩ ነው። ነጭ ብርሃን! ይሄን የገጠመ ሰው ግድግዳውን ብቻ አይደለም፣ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ያያል።» ዋጋው ሲነገር ሽመክት ደረቱን ያዘ። ቤት ሄዶ የእናቱን በግ ጎትቶ ወጣ። እማማ ልጃቸው በጉን ሲስብ ከበጉ ጩኸት አውቀው ተዉት።

ማክሰኞ ማለዳ። ጉሙ አለ፣ ግድግዳው አለ፣ ጋሽ ደርበው አሉ። «መብራት!» ተባለ። ሽመክት አበራ። ጉድ እኮ ነው፣ የመኪናው ፊት በራ! ነጭ ሆነ፣ ወተት መሰለ። ብርሃኑ ግን እዚያው አፍንጫው ላይ ቀረ፤ ወደ ግድግዳው አልሄደም። «ስንት ጣት ነው?» ሲሉት፣ «ጋሽ ደርበው፣ እርስዎንም አላየሁዎት» አለ።

ወደ ፍስሐ ሮጠ። ፍስሐ ሻዩን ሳያስቀምጥ «አምፖሉ ጤነኛ ነው፤ ባትሪህ ነው የሚያስቸግርህ» አለው። አለቀ። እማማ ልጃቸውን አያዩም፣ ሐኪሙ ሳይነካቸው። ሐኪሙ አይነካቸውም፣ መኪናው ሳይወጣ። መኪናው አይወጣም፣ ጋሽ ደርበው ሳይፈርሙ። ጋሽ ደርበው አይፈርሙም፣ ግድግዳው ሳይበራ። ግድግዳው አይበራም፣ አምፖሉ ሳይደምቅ። አምፖሉ አይደምቅም፣ ባትሪው ሳይበረታ።

ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው ሰውዬ ባትሪውን ተቀብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያፈላው ዋለ። ለእጁ ዋጋ ሽመክት የመኪናውን ቴፕ ፈትቶ ሰጠው። ሽመክት በዚያ ቴፕ ነበር ለእናቱ መዝሙር የሚያሰማው። ማታ ላይ ሰውዬው «ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ዲናሞህ ነው የሚያስቸግርህ» ብሎ አስረከበው። ታዲያ ጠዋት ለምን አላልክም? ይሄንን የሚጠይቅ ሰው በኛ አገር አልተፈጠረም።

ረቡዕ ማለዳ ጋሽ ደርበው ገና ግድግዳው ጋ ሳይደርሱ ጉሙ ዋጣቸው። ከጉሙ ውስጥ ድምፃቸው ብቻ መጣ፤ «ስንት ጣት ነው?» እናቱ ጎኑ ተቀምጠው «አራት በለው፣ ልጄ» አሉት። እማማ እኮ ናቸው! እንደ አሽሙር እንዳይመስላችሁ፤ እየረዱት ነው። ሽመክት መሪው ላይ በግንባሩ ተደፋ።

ዲናሞ ሠሪው ዘንድ ሄደ። ዲናሞ ሠሪው ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ፣ የሽመክትን የቆዳ ጃኬት ለበሰ። በሐምሌ ብርድ! «ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ የኋላ ጎማህ ነው የሚያስቸግርህ። የኋላው ሲተኛ የፊቱ ቀና ይላል፤ መብራትህ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው» አለው። እዩልኝ እንግዲህ። እማማ ልጃቸውን አያዩም፣ ሐኪሙ ሳይነካቸው። ሐኪሙ አይነካቸውም፣ መኪናው ሳይወጣ። መኪናው አይወጣም፣ ጋሽ ደርበው ሳይፈርሙ። ጋሽ ደርበው አይፈርሙም፣ ግድግዳው ሳይበራ። ግድግዳው አይበራም፣ አምፖሉ ሳይደምቅ። አምፖሉ አይደምቅም፣ ባትሪው ሳይበረታ። ባትሪው አይበረታም፣ ዲናሞው ሳይሞላው። ዲናሞው ምን ያደርጋል፣ ጎማው ሳይነሣ።

ጎማ ሲባል ማን ጋ መጣ? እኔ ጋ። አሁን ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ሽመክት ረቡዕ ከሰዓት መጣ። ሸሚዝ ብቻ ነው የለበሰው፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ጎማውን አየሁት። ጤነኛ ነበር። ትንሽ ንፋስ ጎድሎታል እንጂ ጤነኛ ነበር። ንፋስ ሞልቼለት ሂድ ማለት እችል ነበር። ግን ሁሉም ከሰውዬው አንድ አንድ ነገር ወስዷል፤ እኔ ምን ቆርጦኝ ባዶ እጄን ልቅር? ተኩላ ነኝ እኮ! «ሁለቱንም የኋላ ጎማ መቀየር አለብህ» አልኩት። ከኔው ያገለገሉ ሁለት ጎማዎች ገጠምኩለትና የሱን ሁለት ጎማዎች ከነክሪኩ አስቀረሁ። ጎማ ማንሻ ክሪክ የሌለው ሹፌር ምን ዓይነት ሹፌር ነው? እሱ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብሎኝ ሄደ። ያቺ «ጋሼ» እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለች።

ሐሙስ ማለዳም ግድግዳው አልበራም። ከፈተናው መልስ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። እኔም እንደ ሌሎቹ ዓይኔን ሳላሽ «ጎማው ጤነኛ ነው፤ አምፖልህ ነው የሚያስቸግርህ። ከዚያ የበለጠ አምፖል ግዛ» አልኩት። ሰማችሁ? አምፖልህ ነው አልኩት! ዞሮ ዞሮ እዚያው።

እማማ ልጃቸውን አያዩም፣ ሐኪሙ ሳይነካቸው። ሐኪሙ አይነካቸውም፣ መኪናው ሳይወጣ። መኪናው አይወጣም፣ ጋሽ ደርበው ሳይፈርሙ። ጋሽ ደርበው አይፈርሙም፣ ግድግዳው ሳይበራ። ግድግዳው አይበራም፣ አምፖሉ ሳይደምቅ። አምፖሉ አይደምቅም፣ ባትሪው ሳይበረታ። ባትሪው አይበረታም፣ ዲናሞው ሳይሞላው። ዲናሞው ምን ያደርጋል፣ ጎማው ሳይነሣ። ጎማው ምን ያደርጋል፣ አምፖሉ ሳይደምቅ። አምፖሉ አይደምቅም፣ ባትሪው ሳይበረታ። ኧረ በቃኝ! አንድ ሰው በዚህ ውስጥ ሲዞር ስታዩ ትስቃላችሁ? እኔ ያን ጊዜ ስቄያለሁ።

ፍስሐ ዘንድ ተመልሶ ሞባይሉን ሰጠ። ፍስሐም ከመጀመሪያው የሚበልጥ፣ ካርቶኑ ወርቅ ቀለም የሆነ አምፖል ሰጠው። «ይሄማ የእሽቅድምድም መኪና ነው የሚገጥመው፤ ሁለት መቶ በመቶ!» አለው። ሽመክት እዚያው ሱቁ በር ላይ ገጠመው፣ አበራው። የመኪናው አፍንጫ ከበፊቱ የባሰ ነጭ ሆነ። እስከ አምስት ሳንቆጥር «ጧ!» ብሎ ተቃጠለ። ሌላኛውም ተከተለው። ሽቦው ሁለት መቶ በመቶውን አልቻለውም። የመጀመሪያዎቹንም ልዩ አምፖሎች ለልዋጭ ሰጥቷቸው ነበር። ፍስሐ ደግሞ የተቃጠለ አይመልስም።

በዚያን ሰዓት እናቲቱ ተሸነፉ። «እሺ፣ በሰው መኪና እሄዳለሁ፤ ሰው የፈለገውን ይበለኝ» አሉ። የቱ መኪና? ሁለቱ ሚኒባሶች ጠዋት ወጥተው ነበር፤ ላይ ጉሙ ስለከበደ እዚያው እንደሚያድሩ ተደውሎ ተነገረን። በመናኸሪያው የቀረው አንድ መኪና የሽመክት ነው።

ሽመክት መጥቶ እዚች ጎማ ላይ፣ አንተ አሁን የተቀመጥክባት ላይ፣ ተቀመጠ። አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ባለ ጺም፣ እንባው በጺሙ ሲወርድ አየሁት። «ጋሼ፣ አባቴ ሳያየኝ ሞተ። ለቀብሩ አልደረስኩም። እሷም ሳታየኝ ልትሞት ነው። እኔ እኮ ለሷ ድምፅ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው በኔ ድምፅ ቢያወራት ልጄ ትለዋለች» አለ። ምን ልበለው? ክሪኩ ከኋላዬ ተቀምጧል።

ዓርብ ማለዳ መጨረሻው ነው። ሽመክት አሮጌዎቹን አምፖሎች፣ የሻማ ታናሽ ወንድሞቹን፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ አውጥቶ ገጠመ። ሌላ ምን አለውና? ተስፋ አድርጎ አይደለም፤ መኪና ያለ አምፖል ዓይኑ የወጣ ስለሚመስል ነው። ጋሽ ደርበውም መጥተዋል፤ ላለመፈረም ነው የመጡት፣ ፊታቸው ያስታውቃል። እማማ «ቤት ውሰደኝ፣ ልጄ፤ ደክሞኛል» አሉ። በሩን ፍለጋ የመኪናውን ፊት እየዳሰሱ መጡ። እጃቸው መብራቱ ላይ ሲደርስ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«መብራቱ ነው፣ እማዬ።»

«መስታወት ይሻክራል እንዴ?» ጥፍራቸውን አሳለፉበት፤ ቅርፊት የመሰለ ነገር ጥፍራቸው ሥር ገባ። ሌላኛውንም ዳሰሱት። ከዚያ «ወይኔ ልጄ! ይሄ እኮ ሞራ ነው። መኪናህም እንደኔው ነው። ቤት ያን ሁሉ አምፖል ስትሰቅልልኝ ምን አልኩህ? መብራቱ አይደለም፣ የተጋረድኩት እኔ ነኝ አላልኩህም?» አሉ።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ስንት ዓመት የቆላ ፀሐይ የበላው የመብራት ሽፋን! ቢጫ ሆኗል፣ ደፍርሷል፣ ሻክሯል። ፍስሐ አምፖል አየ፣ ባትሪ የሚያፈላው ባትሪ አየ፣ ዲናሞ ሠሪው ዲናሞ አየ፣ እኔ ጎማ አየሁ። ሁላችንም ዓይን አለን፤ እያንዳንዳችን የምንሸጠውን አየን። ማየት የማይችሉት ሴትዮ በጣታቸው አገኙት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጎሚስታ ብርጭቆ ወረቀት አያጣም፤ ሳንለጥፍ በፊት ጎማውን ካላሻከርነው ልጣፉ አይይዝም። ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ሳሻክርበት የኖርኩትን ወረቀት፣ በጣም የላመውን መርጬ በውሃ ነከርኩና ተንበረከክኩ። ፈገፈግኩ። ቢጫ ውሃ ወረደ። ፈገፈግኩ። ወተት የመሰለ ውሃ ወረደ። ጋሽ ደርበው ከቢሯቸው የጥርስ ሳሙናቸውን አመጡ፤ እሱን ቀብቼ በሸሚዜ እጅጌ አሸሁት። እጄ ደማ፤ ይድማ! ሽመክት ልርዳህ ቢለኝ «ዞር በል፣ አንተ አምፖል ግዛ!» ብዬ ጮህኩበት። በማን ላይ እንደምጮህ እናንተ ታውቃላችሁ። ሽፋኑ ጠራ። ውስጥ ያለችው ትንሽዬ አምፖል እንደ ዓይን ብሌን ታየች።

ጋሽ ደርበው ወደ ግድግዳቸው ሄዱ። ጉሙ ዋጣቸው። «መብራት!»

አበራ። ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ ደብዛዛ ቢጤ ነው፣ የሻማ ታናሽ ወንድም ነው። ግን ሄደ። ጉሙን ሰንጥቆ ሄዶ ኖራው ላይ አረፈ።

«ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት!»

«አሁንስ?»

«ጣት የለም፣ ጋሽ ደርበው። በሁለት እጅዎ ፊትዎን ሸፍነዋል።»

እውነት ነው፤ እያለቀሱ ነበር።

እንግዲህ ሽፋኑ ሲጠራ ግድግዳው በራ። ግድግዳው ሲበራ ጋሽ ደርበው ፈረሙ። ጋሽ ደርበው ሲፈርሙ መኪናው ወጣ። መኪናው ሲወጣ እኔም ሱቄን ቆልፌ ወጣሁ፤ ክሪኩን ከነጎማዎቹ ጭኜ፣ ጉም አፋፍ ላይ በየኩርባው እየወረድኩ ጤዛውን ከመብራቱ ስጠርግ ሄድኩ። የመንገዱ ነጯ መስመር ከፊታችን አልጠፋችም። ሰባት ሰዓት ላይ ደረስን፤ ሐኪሙ ጓንቱን ሊያወልቅ ነበር። መኪናው ሲደርስ ሐኪሙ ነካቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ አልጋው አጠገብ ነበርን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ችኩል ነው። ጎንበስ ብሎ እጁን ፊታቸው ላይ አነሣና «እማማ፣ ስንት ጣት ነው?» አለ።

እማማ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ።

«እማማ፣ ይታይዎታል? ስንት ጣት ነው?»

ሽመክት ወደ ግድግዳው ዞረ። ያ ሁሉ በግ፣ ያ ሁሉ ቴፕ፣ ያ ሁሉ ልፋት!

«አንተ ልጅ» አሉ እማማ ሐኪሙን፣ «እጅህን ዞር አድርግልኝ። ልጄን ጋረድከኝ።»

ሐኪሙ እጁን ዞር አደረገ። ሽመክትም ዞረ። እማማ አዩት። ጺሙን አዩት፣ በጺሙ ውስጥ የወጣችውን ሽበት አዩት፣ ያለ ጃኬት የቀረ ትከሻውን አዩት። «አጥናፉ?» አሉ መጀመሪያ፣ ደንግጠው። ከዚያ «አይ፣ አንተ ነህ። አባትህን አክለህ መጣህ እኮ» አሉ። ከዚያ በኋላ ልጄ ነህ ወይ ብለው አልጠየቁትም።

ጨዋታዬን ሰጠሁ፣ ጎማህም ደርቋል፤ ንፋስ ሞልቼልሃለሁ፣ የምቀይረው ጎማ የለም። ካርቶንህን ያዝ። ያዋጣል አያዋጣም ፍስሐን ጠይቀው፤ እኔ ዋጋ አላውቅም። ከመሄድህ በፊት ግን ውረድና መብራትህን በጣትህ ዳስሰው።